ከደባርቅ እስከ ጨነቅ፦ ሦስት ጊዜ የተጻፈ የእግር ጉዞ ዕቅድ

በጥር ወር 2012 ዓ.ም. መጨረሻ፣ የጥምቀት እንግዳ ከጎንደር ተሸኝቶ የሴሚስተሩ ዕረፍት ሲገባ፣ ሰባት ሰዎች ሆነን የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን አቋርጦ ወደ መካነ ብርሃን የሚዘልቀውን የተራራ መንገድ ተከትለን እስከ ጨነቅ በእግር ለመሄድ ተስማማን። አምስታችን በአንድ ትምህርት ቤት የምናስተምር ባልደረቦች ነን፤ ስድስተኛው የአንዷ መምህርት ባለቤት ሲሆን ሰባተኛው አጎቴ ናቸው፤ የ61 ዓመት ሰው፣ የደም ግፊት መድኃኒት በየቀኑ የሚወስዱ፣ የሥራ ዘመናቸውን በመንገድ ቅየሳ ያሳለፉ ጡረተኛ። ዕቅዱን የመጻፍ ኃላፊነት ለእኔ ተሰጠ። ያንን ወረቀት ሦስት ጊዜ ጻፍሁት፤ ሁለቱ ለምን እንደወደቁ፣ ሦስተኛው ደግሞ በጉዞው ላይ የት እንደጠነከረና የት እንደላላ እዚህ አስፍሬዋለሁ። ስለ ስሜን ውበት የተጻፈው ብዙ ነው፤ እዚያ ለመድረስ ሰዎች ተሰብስበው ምን እንደሚያሰሉና ምን እንደሚሳሳቱ የሚናገረው ግን ጥቂት ነው።

የመጀመሪያው ዕቅድ ከአንድ ገጽ አይበልጥም ነበር፤ ስጽፈውም በብልህነቴ ተደስቼ ነበር። ከጎንደር እስከ ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከደባርቅ በኋላ መንገዱ በቡይት ራስ፣ በሳንቃ በርና በአምባ ራስ በኩል እየወጣ ጨነቅ ይደርሳል። ደባርቅ ከባሕር ጠለል በላይ 2,850 ሜትር ገደማ፣ ጨነቅ ደግሞ 3,620 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው። እንግዲያውስ ዳገቱን ለመኪና ትተን፣ በአንድ ቀን ከጎንደር ጨነቅ ድረስ ተጉዘን አድረን፣ ከዚያ በሦስት ቀን ቁልቁል እየተራመድን ብንመለስ አይቀልም? ሁሉም ተስማማ። አጎቴ ብቻ ወረቀቱን አገላብጠው አዩና «ልጄ፣ ለጉልበት አስበሃል፤ ለሳንባ ግን አላሰብህም» አሉኝ።

እውነታቸውን ነበር። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ያለች ደጋማ ከተማ ስለሆነች እኛ ነዋሪዎቿ ከፍታ የለመድን ይመስለናል፤ ልምዳችን የሚሠራው ግን እዚያው ባለንበት ከፍታ ላይ ነው። በ3,600 ሜትር ላይ ሰው በአንድ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክስጅን በባሕር ጠለል ላይ ከሚያገኘው ሁለት ሦስተኛ ያህል ብቻ ሲሆን፣ ሰውነት ይህን ለማካካስ ቀናት ያስፈልጉታል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ማስመለስና እንቅልፍ ማጣት የከፍታ ሕመም መጀመሪያዎች ናቸው፤ ችላ ከተባሉ ሕመሙ ወደ ሳንባና ወደ አንጎል ሊሄድና ሊገድልም ይችላል። በተራራ ሕክምና የታወቀው ምክር ከ3,000 ሜትር በላይ የማደሪያው ከፍታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ እንዳይጨምር ነው። የእኔ ዕቅድ በአንድ ቀን ከ1,400 ሜትር በላይ ከፍ አድርጎ ሊያስተኛን ነበር። በዚያ ላይ ቁልቁለት ያልሁት መንገድ በየሸንተረሩ እየወረደ ተመልሶ የሚወጣ እንጂ ወጥ ቁልቁለት አይደለም። ወረቀቱ ተቀደደ።

በዚህ መሐል የመምህርቷ ባለቤት ፓርኩን ትተን የሊማሊሞን መንገድ በእግር እንድንወርድ ሐሳብ አቀረበ። ሐሳቡ ፈታኝ ነበር። ጣሊያን በወረራው ዘመን ከደባርቅ አጠገብ ገደሉን ቆርጦ ወደ ዛሪማ ያወረደው ያ ጠመዝማዛ በአገሪቱ ውስጥ ካሉት የሚያስደንቁ መንገዶች አንዱ ነው። ከራሱ ላይ ያለው ወልቀፊት የጎንደርን የሰሜን በር የሚዘጋ ምሽግ ስለነበረ፣ የጣሊያን ጦር ጎንደር ላይ ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ከመሸነፉ ሁለት ወር ቀደም ብሎ፣ በዚያው ዓመት መስከረም፣ እጁን የሰጠው እዚያ ላይ ነው። ሆኖም የሊማሊሞ እጥፋቶች ለእግረኛ የተተወ ዳር የላቸውም፤ ከባድ መኪና በእያንዳንዱ መታጠፊያ ላይ ሙሉ መንገዱን ይዞ ይመጣል፤ ጉዞውም ሲያልቅ የሚጥለን ቆላ ውስጥ ነው። በመኪና መስኮት ለማየት ይበቃል ተባለና ሐሳቡ ቀረ።

ሁለተኛው ዕቅድ የመጀመሪያው ተቃራኒ ነበር፦ ከደባርቅ ጀምረን መላውን መንገድ በእግር እየወጣን፣ በየሰፈሩ እያደርን ጨነቅ መድረስ። ከፍታው በዝግታ ይጨምራል፤ መንገድ መሳት የለም፤ የታመመ ቢኖር መኪና ይገኛል። ይህንንም ያፈረሱት አጎቴ ናቸው፤ በዚህ ጊዜ ግን እንደ ዘመድ ሳይሆን እንደ ቀያሽ ተናገሩ። «መንገድ የሚቀየሰው ለጎማ ነው እንጂ ለእግር አይደለም» አሉ። ተሽከርካሪ ሊወጣው የሚችል ዳገት እንዲገኝ መሐንዲሱ ርዝመት ይጨምራል፤ እግረኛው በግማሽ ሰዓት የሚያቋርጠውን ጉብታ መንገዱ ዞሮ ዞሮ ይሄድበታል። ከሁሉም በላይ የስሜን አቀማመጥ መንገዱንና ዕይታውን ለያይቷቸዋል። ተራራው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ቅላጭ ተደራርቦ የተሠራ ሲሆን፣ ውኃ ሰሜናዊ ፊቱን በልቶ በአንዳንድ ቦታ እስከ 1,500 ሜትር የሚደርስ ገደል አድርጎታል፤ ደቡባዊው ጀርባ ግን በዝግታ ያዘቀዝቃል። መንገድ የሚሠራ ሰው ጀርባውን ይመርጣል። ስለዚህ መንገዱን ብቻ ተከትሎ የሚሄድ እግረኛ ሊያየው የመጣውን ገደል አብዛኛውን ጊዜ ከጀርባው ሆኖ ያልፈዋል።

አቧራው ሌላ ጉዳይ ነው። መንገዱ የጃናሞራ ሕዝብ ወደ ደባርቅ ገበያ፣ ወደ ሕክምናና ወደ ጎንደር የሚወጣበት እንጂ የጎብኚ መተላለፊያ ብቻ አይደለም፤ አውቶቡስና አይሱዙ ይመላለስበታል። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቦ፣ በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገብቶ፣ በ2017 ከዚያ እስኪወጣ ድረስ ዩኔስኮና የአገሪቱ ባለሥልጣናት ሲነጋገሩባቸው ከኖሩት ጉዳዮች አንዱ ይኸው በዱር እንስሳቱ መኖሪያ ውስጥ የሚያልፈው መንገድ ነበር። እኔም በዕቅዱ ስብሰባ ላይ መንገዱን ክፉኛ ወቅሼው ነበር። ያንን ንግግሬን አጎቴ ኋላ ላይ አስታውሰውኛል።

ሦስተኛው ዕቅድ ከዚህ ክርክር የወጣ ነው። መሠረቱም፦ የምንራመደው በአፋፉ በኩል በሚሄደው የእግር መንገድ ይሆናል፤ የመኪናው መንገድ ደግሞ የመውጫ በር ይሆናል። ስለዚህ ወረቀቱ የተጻፈው በኪሎ ሜትር ሳይሆን በሰዓት፣ በማደሪያ ከፍታና «ከዚህ ቦታ ተነስቶ መኪና ለማግኘት ስንት ሰዓት ያስኬዳል» በሚል ጥያቄ ነበር። የመጀመሪያውን ሌሊት ደባርቅ፣ ሁለተኛውን 3,250 ሜትር ላይ ባለው ሳንቃ በር፣ ሦስተኛውን 3,600 ሜትር ላይ በግጭ፣ አራተኛውን በጨነቅ። የማደሪያው ጭማሪ በመጀመሪያ 400፣ ቀጥሎ 350፣ በመጨረሻ 20 ሜትር ብቻ ነው። ከቡይት ራስ ሳንቃ በር ከሦስት እስከ አራት ሰዓት፣ ከሳንቃ በር በጅንባር ፏፏቴ አቅጣጫ ግጭ ከአምስት እስከ ስድስት፣ ከግጭ በ3,926 ሜትሩ እሜት ጎጎ በኩል ጨነቅ ከሰባት እስከ ዘጠኝ ሰዓት መደብን። በዚያ ወቅት ፀሐይ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ሊሆን ሲል ወጥታ ከምሽቱ 12፡30 ገደማ ትጠልቃለች፤ ከግጭ በ1፡30 ከተነሳን፣ በጣም ብንዘገይም እንኳ ሁለት ሰዓት ብርሃን ይተርፈናል ማለት ነው።

መውጫውን ስናሰላ ደካማው ሌሊት የግጭ መሆኑ ታየ። ሳንቃ በርና ጨነቅ መኪና ደጃቸው ድረስ ይደርሳል፤ ግጭ ግን ከመንገዱ ተነጥሎ ያለ ሜዳ ነው። ቀድሞ እዚያ መንደር ነበረ፤ ነዋሪዎቹ በ2008 ዓ.ም. ወደ ደባርቅ ስለተዛወሩ ከዚያ ወዲህ ሰው ቢታመም ቃሬዛ የሚይዝ ጎረቤት የለም። ቅርቡ የመኪና መንገድ አምባ ራስ ላይ ነው። ለጤነኛ የሁለት ሰዓት መንገድ ቢሆንም ለበሽተኛ ሦስት ሰዓት መደብንለት። አጎቴ ከዚህ ተነስተው አንድ ስካውት፣ ማለትም አንድ የፓርኩ ታጣቂ አጃቢ፣ አይበቃንም አሉ። ያለ ታጣቂ ስካውት ፓርኩ ውስጥ መጓዝ ስለማይፈቀድ፣ ቡድኑ ለሁለት የሚከፈልበት ምክንያት ቢመጣ አንደኛው ወገን ከቦታው መንቀሳቀስ አይችልም። ሁለት ስካውት ለሰባት ሰው ብዙ ነው ብለን ተከራከርን፤ ተሸነፍን።

ቀኑን የወሰነው ደግሞ የቀን መቁጠሪያው ነው። መጀመሪያ የመረጥነው የየካቲትን የመጀመሪያ ሳምንት ነበር፤ በዚያ ዓመት ጾመ ነነዌ ከየካቲት 2 እስከ 4 የዋለ መሆኑን ያስታወሰችን የኬሚስትሪ መምህርቷ ናት። ቀኑን ሙሉ በባዶ ሆድ በዚያ ከፍታ መራመድ የማይሆን ነገር ስለሆነ ጉዞው ወደ ጥር 26 ተሳበ። ረቡዕና ዓርብ ግን አይሸሹም፤ ረጅሙ የእግር ቀን ዓርብ ላይ ወደቀ። ከመካከላችን ሁለቱ የንስሐ አባታቸውን ጠይቀው ለመንገደኛ የሚገባውን ፈቃድ ይዘው መጡ፤ ስንቁም በአንድ ልብ የጾም ሆነ።

ስለ ስንቅ ትንሽ ልዘግይ፤ ብዙ ቡድን የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። ውኃ ከፍ ባለ ቦታ ላይ በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል። ጎንደር ላይ በ93 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ የሚፈላው ውኃ ጨነቅ ላይ በ88 ገደማ ይፈላል። አምስት ዲግሪ ምንም ላይመስል ይችላል፤ ባቄላ፣ ሽምብራና የአተር ክክ ግን ልዩነቱን ያውቁታል። የኬሚስትሪ መምህርቷ ይህን አስልታ ከዝርዝሩ ላይ ክኩን ሰረዘችው፤ በምትኩ ሽሮ፣ በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎና ድርቆሽ ገባ። ለመጠጥ የሚሆነውን ውኃ ደግሞ እየተንፈቀፈቀ ሦስት ደቂቃ ማቆየት ይበቃል። ማገዶ አልታሰበም፤ በፓርኩ ውስጥ እንጨት መቁረጥ ክልክል ከመሆኑም በላይ፣ ከዓመት ያነሰ ጊዜ በፊት፣ በመጋቢትና ሚያዝያ 2011 ዓ.ም.፣ የግጭን አካባቢ የበላው ቃጠሎ ከእስራኤል የእሳት ማጥፊያ ባለሙያዎች እስኪመጡ ድረስ አገር ያስጨነቀ ነበር። እኛም የምንሄደው ሣሩ በደረቀበት ወር ነው። ሁለት የላምባ ምድጃ ያዝን። የውኃው ነገር በተቃራኒው አስቸጋሪ ነበር፤ በበጋ የጅንባር ፏፏቴ እንኳ ይቀጥናል፤ በሰፈሮቹ ላይ ውኃ ቢገኝም በመካከላቸው ላይ ስለማይታመን ለእያንዳንዱ ሰው ሦስት ሊትር ከማደሪያው ተሞልቶ እንዲወጣ ተወሰነ።

ደባርቅ የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ባለበት ግቢ የመግቢያ ክፍያ ከፍለን፣ ስካውቶቹን፣ አራት አጋሰስና አንድ ኮርቻ የተጫነባት በቅሎ ከነጂዎቻቸው ጋር ተዋዋልን። በጀቱ ላይ አንድ ቀዳዳ የተገኘው እዚህ ነው። ስካውትና በቅሎ ነጂ ከጨነቅ ወደ ደባርቅ ባዶ የሚመለስበት ቀን እንደ ሥራ ቀን ይከፈለዋል፤ ተገቢም ነው፤ እኔ ግን የቆጠርሁት እኛ የምንራመድባቸውን ቀናት ብቻ ነበር። ከመጠባበቂያው ተሞላ። ከስካውቶቹ አንደኛው ሸምገል ያሉ፣ ኮንጎ ጫማ ያደረጉ፣ የእኛን ወፍራም ጫማ አይተው ፈገግ ያሉ ሰው ነበሩ። አጎቴ ዕቅዱን ሲያነቡላቸው ዝም ብለው ሰሙና «እሜት ጎጎን በጠዋት ድረሱበት፤ ከሰዓት በኋላ ጉም ከቆላ ይነሳል» አሉ። በወረቀታችን ላይ ያልነበረች ዐረፍተ ነገር ናት፤ ጨመርናት።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት የእግር ቀናት እንደተጻፈው ሄዱ። ከሳንቃ በር በፊት ጭላዳዎች ሣር እየነቀሉ በመካከላችን አለፉ፤ ሳንቃ በር ላይ ወፍራም ምንቃር ያለው ቁራ የአንዳችንን ዳቦ ይዞ ሄደ። ግጭ ላይ የጓሳ ሣሩ በአንድ ክረምት አገግሞ ነበር፤ የተቃጠለው የአስታ ዛፍ ግን እንደ ጥቁር አጥር ቆሟል። ሌሊቱ ውርጭ ነበር፤ ጋቢ ብቻ ይበቃል ያሉት ሁለት ሰዎች የሌላውን ብርድ ልብስ ሲጋሩ አደሩ።

በዚያች ሌሊት የኬሚስትሪ መምህርቷን ራስ ምታት ያዛት፤ ሁለት ጊዜ አስመለሳት፤ እንቅልፍ አልወሰዳትም። ከፍታውን በዝግታ መውጣት አደጋውን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋውም፤ ማን እንደሚታመም ደግሞ ወጣትነትም ጥንካሬም አይነግርም። የ61 ዓመቱ አጎቴ ደህና አድረው ነበር። ሲነጋ እሷ «ደህና ነኝ፣ እከተላችኋለሁ» አለች። የቀኑ መንገድ ከእሜት ጎጎ አልፎ 4,070 ሜትር ባለው በእናትዬ በኩል የሚያልፍ ስለነበረ ጥያቄው ለክርክር የሚቀርብ አልነበረም፤ ምልክት ያለበት ሰው ከፍ አይልም። በሦስተኛው ዕቅድ ላይ ይህ ውሳኔ ከጎንደር ሳንነሳ ተጽፎ ስለነበረ ማንም ማንንም ማስገደድ አላስፈለገውም፤ ወረቀቱ ተነበበ፣ አበቃ። አጎቴ አብረዋት ሊወርዱ ፈቀዱ፤ ወጣቱ ስካውትና ኮርቻ የተጫነባት በቅሎ ተሰጧቸው። ሁለተኛው ስካውት ባይኖር ኖሮ ሰባታችንም ወይ እንወርድ ወይ እንቀመጥ ነበር።

የእኔ ዕቅድ የተሰበረው ከዚህ በኋላ ነው። የቀጠርነው ሚኒባስ ዓርብ ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት አምባ ራስ ላይ እንዲቆም፣ ማንም ካልመጣ ብቻ ወደ ጨነቅ እንዲቀጥል በወረቀቱ ላይ ሰፍሯል። ወረቀቱ ግን በእኛ ኪስ ነበር። ለሾፌሩ በደባርቅ ጫጫታ መሐል የነገርሁት በቃል ሲሆን፣ እሱ ይዞ የሄደው የመጨረሻውን ቃል፣ «ጨነቅ» የሚለውን ብቻ ነው። የስልክ መስመር በዚያ ላይ ይመጣል ይሄዳል፤ ደውሎ ማረም አይቻልም ነበር። ሁለቱ አምባ ራስ ሲደርሱ 4፡20 ሆኖ ነበር፤ መኪናው ግን ቀደም ብሎ አልፏቸዋል። አንድ ሰዓት ከጠበቁ በኋላ ከመካነ ብርሃን እህል ጭኖ ወደ ደባርቅ የሚወርድ አይሱዙ ቆመላቸው። መምህርቷ ጋቢና ውስጥ ተቀመጠች፤ አጎቴ ከጆንያው ላይ። ስካውቱ በቅሎዋን ይዞ ቀረ። ሳንቃ በርን እንዳለፉ ራስ ምታቷ እየቀለለ መሄዱን፣ ደባርቅ ሲደርሱ ሻይ በዳቦ መጠየቋን ሰምቻለሁ።

እኛ አምስታችን እሜት ጎጎ ላይ በ4 ሰዓት ገደማ ደረስን። ሽማግሌው ስካውት እንዳሉት ከሰዓት በኋላ ጉሙ ከታች ተነስቶ ገደሉን ሞላው፤ እኛ ግን ጠግበን አይተን ነበር። ጨነቅ ስንገባ ከቀኑ 10 ሰዓት አልፎ ሩብ ሆኗል። ሚኒባሱ ጅብራዎቹ አጠገብ ቆሞ ሾፌሩ ተኝቷል። በዚያ ሰዓት የተሰማኝ ቁጣ ለእሱ የሚገባ አልነበረም፤ ለመኪናው የታሰበውን ሁሉ አስቤ ለመኪናው ነጂ ወረቀት ያልሰጠሁት እኔ ነኝ። በማግስቱ ጠዋት ዋሊያዎቹን ከገደሉ ጠርዝ ላይ አይተን ወደ ደባርቅ ተመለስን።

አጎቴ ከማደሪያቸው በረንዳ ላይ ቡና ይዘው ጠበቁን። ያ በስብሰባ ላይ የወቀስሁት የመንገዱ ትራፊክ እንዴት ሆኖ አገኘሁት ብለው ጠየቁኝ፤ መልስ አልሰጠሁም። ከዚያ ዕቅዱን ከኪሴ ተቀብለው በጀርባው ላይ ለሾፌሩ የሚሰጥ አጭር ወረቀት ጻፉ፤ ሦስት መስመር ብቻ ነው፤ የመጀመሪያው መስመር የቆሚያውን ቦታ፣ ሁለተኛው ሰዓቱን፣ ሦስተኛው «ሳታይ አትለፍ» የሚል። በሚያዝያ ዳግመኛ እንሄዳለን ብለን የተነጋገርንበት ጉዞ በወረርሽኙ ምክንያት ቀረ፤ ወረቀቱ ግን እስካሁን በመሳቢያዬ ውስጥ አለ፤ ፊቱ የእኔ ጽሕፈት፣ ጀርባው የእሳቸው።